የተቆላ እንጨት የሻጭ ማሞኛ አይደለም፤ የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከሸዋ በር ነው። ሥራዬ ሁለት ነው። ሠርግ ሲኖር ከባንድ ጋር ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ ሠርግ ሲጠፋ የሰው ጊታር እጠግናለሁ። ጋዜጣችሁን የማነበው ቡና ቤት ነው። ብዙ ጊዜ ስፖርቱን አንብቤ ለሚቀጥለው ሰው አቀብላለሁ። ሰሞኑን ግን ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ዋጋ መናር ያወጣችሁት ጽሑፍ ዐይኔን ያዘውና እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ስለ ቀረጡም፣ ስለ ምንዛሪውም የተባለው ልክ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ቅር አለኝ። ጸሐፊው ዋጋ ከሚያስወድዱት ነገሮች መካከል የተቆላ እንጨትን፣ ሙዚቀኛው «ሮስትድ» የሚለውን፣ ጠቅሰው የሻጭ ማሞኛ ነው ብለው በአንድ መስመር አለፉት። ቤዙን ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ብቻ ለሚያዞር የአዲስ አበባ ሰው እንዲያ ቢመስለው አልፈርድበትም። እኛ ግን ነገሩን የምንወድበት የራሳችን ምክንያት አለን። ምክንያቱም መንገዳችን ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልናገር። ሜፕል እኛ ዘንድ የማይበቅል፣ ነጣ ያለ፣ ጠንካራ የሰሜን አሜሪካ እንጨት ነው። አሜሪካዊው የጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ሲያወጣ አንገቱን የሠራው በሜፕል ነበር። እስከ ዛሬም አብዛኛው የኤሌክትሪክ ቤዝ አንገት ከሜፕል ይሠራል። የተቆላውም ያው ሜፕል ነው። ልዩነቱ፣ ሳንቃው ገና ሳይቀረጽ ልዩ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ከምድጃው ውስጥ ኦክስጅኑን ያስወጡታል፤ አንዱ በእንፋሎት፣ ሌላው በናይትሮጅን፣ ሌላው ደግሞ አየሩን በመምጠጥ። ከዚያ ሙቀቱን ቀስ እያሉ ወደ 160 ዲግሪ፣ ወደ 200፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያወጡታል። ኦክስጅን ስለሌለ እንጨቱ አይነድም። ከውጭ እስከ ውስጥ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። አዲሱን ስታሸተው እንደ ተቃጠለ ስኳር ይሸታል።

ቀለሙና ሽታው ትርፍ ነው። ዋናው ሥራ የሚሠራው ውስጥ ነው። እንጨት በዋናነት ሴሉሎስ፣ ሊግኒንና ሄሚሴሉሎስ ከሚባሉ ነገሮች የተሠራ ነው። ከሦስቱ ውሃ የሚወደው ሄሚሴሉሎስ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ቀድሞ የሚያፈርሰው እሱኑ ነው። በደንብ የተቆላ እንጨት ከአየር ላይ የሚስበው እርጥበት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። እርጥበት ካልጠጣ አያብጥም፤ ካላበጠ ሲደርቅ አይኮማተርም፤ ስለዚህ አይጣመምም።

ወሎ ውስጥ መንዙማ ቤት ያመሸ ሰው ድቤ እሳት ሲሞቅ አይቷል። ሲሞቅ ቆዳው ይወጠርና ድምፁ ይጠራል። ሌሊቱ ሲበርድ ደግሞ ይላላል፤ እንደገና ወደ እሳቱ ይወሰዳል። የተቆላ እንጨት ግን እሳቱን የሚያየው አንዴ ነው። ከዚያ ወዲያ ውሃ የሚጠጣው ነገር ፈርሷልና ወደ ድሮው አይመለስም።

ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለኢንዱስትሪ ያበቁት ፊንላንዶች ናቸው። ጊታር አስበውም አልነበረም። ጥድና መሰል ተራ እንጨታቸው ዝናብና በረዶ እንዲችል ፈልገው ነው። ለቤት ግድግዳ፣ ለበረንዳ ወለል፣ ለሳውና መቀመጫ ተጠቀሙበት። ወደ ጊታሩ ዓለም የገባበት አንዱ በር ደግሞ ፍተሻ ነው ቢባል ማን ያምናል? እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 የአሜሪካ ፌዴራል መርማሪዎች የጊብሰንን የጊታር ፋብሪካ ፈተሹ። ጉዳዩ ከህንድ በሕገ ወጥ መንገድ ገብቷል የተባለ የሮዝውድና የኢቦኒ እንጨት ነበር። ጊብሰን በማግሥቱ ዓመት በአንዳንድ ጊታሮቹ ፊንገርቦርድ ላይ፣ ማለትም ጣት በሚረግጠው የአንገት ፊት ላይ፣ በሮዝውድ ፋንታ የተጋገረ (ያው የተቆላ) ሜፕል ለጠፈ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የሮዝውድ ዝርያ በሙሉ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ። ሙዚቃ መሣሪያ ነፃ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በመሃል ፋብሪካዎቹ ሌላ እንጨት ሲፈልጉ ከረሙ። «ሚውዚክ ማን» የሚባለው የጊታር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 «ስቲንግሬይ ስፔሻል» የተባለውን ቤዝ ሲያወጣ አንገቱን የተቆላ ሜፕል አደረገው። ከዚያ በኋላ ረከስ ባሉት ቤዞች ላይ ሳይቀር ይታይ ጀመር።

አሁን ወደ መንገዳችን ልምጣ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል፤ የሰቀልከው ልብስ ሁለት ቀን አይደርቅም። ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለችም፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስትጨርስ ከ500 ሜትር በላይ ወርደሃል። ከዚያ ወደ ባቲ ስትቀጥል ሌላ አገር ነው። ጃኬትህን አውልቀህ እጅጌህን ትሰበስባለህ። ጠዋት ደሴ ላይ የተቃኘ ቤዝ ቀትር ላይ ባቲ ድንኳን ውስጥ ይቆማል። ማታ ተመልሶ ሐረጎን ይወጣል። ይህ ለእኛ የዘወትር ሥራ ነው።

የቤዝ አንገት ደግሞ ቀላል ሸክም አልተሸከመም። አራቱ ክሮች ሲወጠሩ አንድ ላይ ወደ 75 ኪሎ ገደማ ይጎትታሉ። አንድ ሙሉ ሰው ሌት ተቀን አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚያድር አስቡት። ይህን ለመቋቋም ውስጡ ትራስ ሮድ የሚሉት የብረት ዘንግ አለ። በብሩጎላ ስታጠብቀው አንገቱን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ስታላላው ለክሩ ይለቀዋል። ትክክለኛው አንገት ፍጹም ቀጥ አይልም። አንገቱ ላይ በአግድም የተሰለፉት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት ይባላሉ። ክሩን መጀመሪያው ፍሬትና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነህ ሰባተኛው አካባቢ ብታይ፣ ከሥሩ ጥቂት ቀዳዳ፣ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ያህል፣ መኖር አለበት። ያቺ ቀዳዳ ከጠፋች ክሩ ፍሬቱን እየነካ «ዝዝዝ» ይላል። ከሰፋች ክሩ ይርቅና ጣት ይደክማል፤ ተጭነህ ስትይዘው ደግሞ ድምፁ ከልኩ ይወጣል።

እንግዲህ የሚሊ ሜትር ሲሶ ነው ጉዳዩ። እርጥበት ይህችን ለማዛባት ጥቂት ቀን ይበቃዋል። ክረምት ሲገባ ጎረቤቶቼ ጣሪያቸውን ሲጠግኑ እኔ ቤት ቤዝ ይሰለፋል። ጥቅምት ላይ ደግሞ ሌላ በሽታ ይመጣል። አየሩ ይደርቃል፣ የፊንገርቦርዱ እንጨት ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን አይኮማተርም። ያኔ የፍሬቶቹ ጫፍ በጎን በኩል ብቅ ብሎ እጅ ይልጣል። ሞረድ ይዤ ጫፍ ጫፉን እሞርዳለሁ። እንጀራዬ ነውና አላማርርም።

እኔ ራሴ ሁለት ቤዝ አለኝ። አንዱ የቆየ ነው፤ አንገቱ ተራ ሜፕል ነው። ብሩጎላው ከሻንጣው ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ሌላውን ጀርመን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ላከልኝ፤ አንገቱ የተቆላ ነው። ከክረምት ወደ በጋ ስንሻገር ጥቂት አስተካክለዋለሁ፤ በተረፈ አልነካውም። ባቲ ደርሼ ከሻንጣው ሳወጣው ክሮቹ ትንሽ ወርደው ወይም ወጥተው ይሆናል። እሱ የክሩ ብረት የሙቀት ጠባይ ነው፣ መቃኘት ነው። አንገቱ ግን ያው ነው። ይህን ነው ጸሐፊው ማሞኛ ያሉት።

ለምን ይህን ያህል ታካብዳለህ የሚል ሰው አንድ ጊዜ አምባሰል አብሮን ይጫወት። አምባሰል ከመነሻው ድምፅ ተነስቶ ወዲያው በግማሽ ድምፅ ይረግጣል። አንቺ ሆዬም እንደዚሁ ነው፤ ሁለቱም ግማሽ ድምፅ ሁለት ሁለት ቦታ አላቸው። ትዝታ ላይ ቤዙ ትንሽ ቢዛነፍ ጆሮ ይቅር ሊል ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ግን አይምሩም። አንገቱ ጎብጦ ክሩ ከራቀ፣ ስትጫነው ድምፁ ሽቅብ ይሳባል። ያቺ ጠባብ ግማሽ ድምፅ ስታብጥ ዘፋኟ ዞራ ታይሃለች። እናቶችም ያዩሃል። ወሎ ውስጥ አምባሰልን የማያውቅ ታዳሚ የለም፤ የአገሩ ስም ነው።

ስለ ድምፁ ግን ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ሻጮች የተቆላ እንጨት ድምፁ የሃምሳ ዓመት ጊታር ይመስላል ይላሉ። ነገሩ ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። እንጨት ሲያረጅም ሄሚሴሉሎሱ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ መቁላት ያንን ያፋጥናል። በአኩስቲክ ጊታር ላይ፣ የፊቱ ሳንቃ ራሱ ድምፅ ሰጪ በሆነበት፣ ልዩነቱን እንሰማለን የሚሉ ጥሩ ጥሩ ሠሪዎች አሉ። ኤሌክትሪክ ቤዝ ግን ሌላ ነው። ፒክአፑ፣ ከክሩ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚቀበለው፣ ማግኔት ነው፤ የሚያዳምጠው የብረቱን ክር ነው። ድምፁ ከእንጨቱ ይልቅ በክሩ ዓይነት፣ በፒክአፑ፣ በድምፅ ማጉያው፣ ከሁሉም በላይ በጣት ይወሰናል። ጆቫኒ ሪኮ ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጋር ሲጫወት የተቆላ አንገት ገበያ ላይ አልነበረም። ያንን ቤዝ ሰምቶ «ምነው እንጨቱ ተቆልቶ ቢሆን» ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ለድምፅ ብለህ ተጨማሪ ብር አትክፈል እላለሁ። ለሚጸና አንገት ክፈል። ለእጅ ምቾትም ቢሆን ያስከፍላል። ተራ ሜፕል ቫርኒሽ ካልተቀባ ላብና እርጥበት ይጠጣል፣ ይቆሽሻል። ቫርኒሹ ደግሞ ሙቀት ላይ መዳፍ ይይዛል፤ ባቲ ድንኳን ውስጥ ላብ ጠብ ጠብ ሲል አውራ ጣት እየተጣበቀ መጫወት ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። የተቆላውን ብዙ ሠሪዎች ዘይት ወይም ሰም ብቻ አብሰው ይተዉታል። እጅ ይንሸራተትበታል።

ጉድለቱንም መደበቅ ልክ አይሆንም። የተቆላ እንጨት ይደርቃል፣ ተሰባሪነቱ ይጨምራል። ሙቀቱ በበዛ ቁጥር ጥንካሬው ይቀንሳል። ብሎን ያለ ቀዳዳ ብታስገባበት ይሰነጠቃል። የመቃኛውን ብሎን ከፍተህ የምትመልስ ከሆነ ጫፉን ሳሙና አስነካው፤ እጅህንም አታክብድ። ከአይሱዙ ላይ ቢወድቅ ተራው ሜፕል ጭረት ብቻ ይዞ የሚተርፍበት ቦታ የተቆላው ሊሰነጠቅ ይችላል። ፀሐይ ላይ ለረጅም ጊዜ ከተተወም ያ ቡናማ ቀለም እየገረጣ ይሄዳል። ለኮላም አስቸጋሪ ነው፤ ውሃ ስለማይጠጣ ተራው የእንጨት ኮላ ቶሎ አይዘውም። ይህን የምለው ለጠጋኞች ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንባቢ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። ማሞኛ ካለ እዚህ ጋር ነው ያለው። አንድ ወጣት ደንበኛዬ ሮስትድ ተብሎ የተሸጠለትን ቤዝ ይዞልኝ መጣ። ቀለሙ ልክ ነው፣ ያምራል። ክረምቱ ሳይጋመስ አንገቱ እንደ ቀስት ጎበጠ። አንገቱን ከገላው ጋር የያዙትን አራት ብሎኖች ፈትቼ ተረከዙን ባየው፣ በብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ እንጨቱ ነጭ ነው! ላዩን ቡናማ ቀለም ቀብተውት ኖሯል። የተቆላ እንጨት እስከ ውስጡ ቡናማ ነው፤ ብትፍቀው፣ ብትቀዳው ያው ነው። ልጁ ሻጩ ጋ ሄዶ ቢጠይቅ «እኛም እንዲያ ብለውን ነው የገዛነው» ተባለ። ገንዘቡ አልተመለሰም። ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች፣ ሻጩን ብሎኑን ፍታልኝ በሉት። አልፈታም ካለ ቢያንስ በሞባይል መብራት የትራስ ሮዱን ቀዳዳ አፍ አብርታችሁ እዩ። እዚያ ውስጥ ቀለም የሚቀባ ሰው እስካሁን አላየሁም። አሁን ስለጻፍኩት ደግሞ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ሌላው ደግሞ ያለውን ቤዝ ሊቆላ የተነሳ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ዳቦ ቤት የሚሠራ ጎረምሳ ቤዙን ፈቶ አንገቱን መጋገሪያው ውስጥ ሊከት ሲል ደረስኩበት። «ጋሼ፣ ሁለት መቶ ዲግሪ ይደርሳል እኮ!» ይለኛል። አብሽር፣ ይደርሳል። ግን ምድጃው ውስጥ አየር እንደልቡ ነው። እንጨቱ ዳር ዳሩን ይከስላል፣ ካልተጠነቀቁም ይቀጣጠላል። ኮላው ይፈታል፣ ፍሬቶቹ ይለቃሉ፣ ቫርኒሹ የሚተፋው ጭስ ዳቦውንም በላተኛውንም ይመርዛል። መቁላት የሚሆነው ገና ሳንቃ ሳለ፣ አየር በሌለበት፣ ቀስ ብሎ ነው። ፊንላንዶቹ መጀመሪያ እንጨቱን ያደርቁታል፣ ከዚያ ከፍተኛውን ሙቀት ለሁለት ለሦስት ሰዓት ይሰጡታል፣ ከዚያ በእንፋሎት እያቀዘቀዙ ጥቂት እርጥበት፣ ከ4 እስከ 7 በመቶ ያህል፣ ይመልሱለታል። ያ መመለስ ከሌለ እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጎረምሳውን አስጥዬዋለሁ። ቤዙ አሁንም ነጭ ነው።

ጸሐፊው ባያነሱትም እኔ ላንሳው። እነ ወይራ፣ ወንዛ፣ ዝግባ ቢኖሩንም ለቤዝ አንገት ብሎ እነሱን መቁረጥ አልደግፍም። አገር በቀል ዛፋችን ተመናምኗል። ባህር ዛፍ ግን ደሴን ዙሪያዋን ከቧታል። አናጺዎች የማይወዱት ስለሚሰነጠቅና ስለሚጣመም ነው፤ ለአጥር፣ ለማገር፣ ለማገዶ ይሄዳል። ብራዚል ውስጥ ባህር ዛፍን በሙቀት የማከም ሙከራ ብዙ ተደርጓል። ቤዝ አንገት ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም፤ ገና ማንም እዚህ ሞክሮ አላሳየኝም። የማይጣመም የበርና የመስኮት እንጨት ቢሆን ግን ለእኔ ይበቃኛል፤ ቤቴ ክረምት ክረምት በሩ አልዘጋ ይላል። ኮምቦልቻም ደሴም የእንጨት ሥራ የሚያስተምሩ ኮሌጆች አሉ። ቦይለር ያለው ፋብሪካም ኮምቦልቻ ሞልቷል፤ እንፋሎት ብርቅ አይደለም። የሚያስፈልገው ጥሩ የሚዘጋ የብረት ሳጥን፣ ትክክለኛ ቴርሞሜትርና ሥራውን የሚያውቅ መምህር ነው።

ይህን የሚያነብ የኮሌጅ መምህር ካለ እና መሞከር ከፈለገ፣ ሸዋ በር መጥቶ የጊታር ጠጋኙን ቤት ይጠይቅ፤ ያሳዩታል። የደረቀ የባህር ዛፍ ሳንቃ ከእኔ፤ መላጊያውም፣ የብርጭቆ ወረቀቱም አለኝ።

አክባሪያችሁ
የቤዝ ተጫዋችና የጊታር ጠጋኝ፤ ከደሴ